«10,000 ጌም» የሚል ካርቶን ካያችሁ ቆም በሉ

ባለፈው ወር ስታዲየም አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንዱ ውስጥ ገብቼ 5,500 ብር አስረክቤ ወጣሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዕቃው ከቲቪ ጀርባ የሚሰካ፣ ፍላሽ የሚመስል ነገር ነው። ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክና አንድ ሚሞሪ ካርድ አለው። ካርቶኑ ላይ ፓክማን፣ ስትሪት ፋይተር፣ ሜታል ስለግ የሚባሉት የድሮ ጌሞች ተደርድረዋል። ከላያቸው በትልቁ «10,000» ተጽፏል። ሻጩ «ወንድሜ፣ የድሮዎቹ በሙሉ እዚህ አሉ፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ፒያሳ ጌም ቤት ደጃፍ ላይ ተራ እየጠበቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ብዙም አልተከራከርኩም።

ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ሰካነው። መጀመሪያ ፓክማንን ከፈትኩ። ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ የተሠራው ቁመቱ ከስፋቱ ለሚበልጥ ስክሪን ነው። በደንብ የተሠራ እትም ግራና ቀኙን ባዶ ትቶ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። የኔው ግን የቲቪውን ወርድ እስኪሞላ ለጥጦት ክቡ ፓክማን እንቁላል ሆኗል።

እሱን ችዬ ወደ ሜታል ስለግ ሄድኩ። ዝለል ብዬ ስጫን ሰውዬው ትንሽ አስቦበት ነው የሚዘለው። ልጁ «ጋሼ፣ ተጫን እንጂ!» ይላል፣ እኔ «ተጭኛለሁ!» እላለሁ፣ እስክንግባባ ሰውዬው ሞቷል። ወታደሮቹ ሲበዙ ደግሞ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል፣ ሙዚቃው እንደተጎተተ ካሴት ይሆናል። ሜታል ስለግ 2 ድሮ በራሱ ማሽን ላይም እንደሚንቀራፈፍ አውቃለሁ። ይሄ ግን የመጀመሪያው ነው፣ እንዲህ አልነበረም።

ልጁ ሲተኛ ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። እስከ 300 ደርሼ ተውኩት። ያው አንዱ ማሪዮ ስሙን እየቀየረ ዘጠኝ ጊዜ መጣ። ኮንትራ ከሁለተኛው ደረጃ ሲጀምር አንድ ጌም፣ በ30 ነፍስ ሲጀምር ሌላ ጌም ተብሎ ተቆጥሯል። አንዳንዱ ስትከፍቱት ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል። 10,000ው የሚሞላው እንደዚህ ነው።

ኦርጅናሎቹ እኮ በቁጥር አይፎክሩም። የስትሪት ፋይተር ሠሪው ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የስትሪት ፋይተር 30ኛ ዓመት ስብስብ 12 ጌም ብቻ ነው የያዘው። ከነሱም በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር የሚያጫውቱት አራቱ ናቸው። ግን የስክሪኑን መጠን ትመርጣላችሁ፣ የደረሳችሁበትን ቦታ ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ስትጫኑም ወዲያው ይታዘዛል።

እነሱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትግዙ። አራት ኪሎ ያለ ጓደኛዬ ይህንኑ ስብስብ በሰው አካውንት ፒኤስ 4ቱ ላይ አስጫነ። ወር ሳይሞላው ጌሙ ላይ የቁልፍ ምልክት መጣበት፣ አልከፈትም አለ። አካውንቱ ጌሙን የጫነለት ልጅ የራሱ ነበር፣ ልጁ ደግሞ ስልክ አያነሳም። በኮድ የሚሸጥ ከሆነም ኮዱ የየት አገር እንደሆነ ጠይቁ። አካውንታችሁ ከተከፈተበት አገር ጋር ካልገጠመ አይሠራም።

በማግስቱ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ስገዛ አላየሁትም ነበር። የሸማቾች አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህንን ስነግረው ሻጩ ሳቅ ብሎ «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። የሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ የሱቁ ስም እንኳን የለበትም። የማሽን ደረሰኝ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

የግድ ልግዛ ካላችሁ ብር ሳትከፍሉ እዚያው ቲቪ ላይ አሰኩት። ሁሉም ሱቅ ቲቪ አለው፣ «አሁን መብራት የለም» ካሏችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የመጀመሪያውን ገጽ አትመኑ፣ ጥሩ ጥሩው የተደረደረው እዚያ ነው። ወደ 200ኛው ውረዱና ከዚያ አካባቢ አምስት ያህል ክፈቱ። ፓክማን ክብ መሆኑን እዩ። አምስት ደቂቃ ተጫወቱ፤ ሻጩ ከተነጫነጨ ምክንያት አለው።

የኔው ሚሞሪ ካርድ በሦስተኛው ሳምንት መነበብ አቆመ። የጆይስቲኮቹን ባትሪ ለቲቪው ሪሞት ወሰድኩት። እሱ እስካሁን ይሠራል።