«ውሃ ነክቶት ነበር፣ አሁን ደርቋል» እየተባለ በቅናሽ የሚሸጥ ቦርድ አትግዙ

መጋዘን ውስጥ ውሃ የገባበት ወይም ዝናብ የመታው ጂፕሰም ቦርድ፣ ችፑድና ኤምዲኤፍ (ሁለቱም ከተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩ ቦርዶች) በቅናሽ ሲቀርብ የሻጩ ማስረጃ አንድ ነው፦ «ንኩት፣ ደረቅ ነው።» በእጅ ሲነካ እውነትም ደረቅ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ግን የደረሰው ርሶ በቆየባቸው ቀናት ነው፤ መድረቁ አይመልሰውም።

ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወገን ወረቀት የለበሰ ነው፣ ወረቀት ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ማደግ ሊጀምር ይችላል። ሲደርቅ እድገቱ ይቆማል እንጂ ሻጋታው ከቦርዱ አይወጣም፤ የሞተውም ቢሆን ብናኙ አለርጂና አስም ይቀሰቅሳል። ስቱኮና ቀለም ከተቀባ በኋላ እርጥበት ካገኘ እንደገና ይነሳል። ስትመርጡ የላይኛውን ቦርድ ብቻ አትዩ። ተደራርቦ በተቀመጠ ቦርድ መሃል ውሃ ቶሎ ስለማይደርቅ ከክምሩ መካከል አስወጡና ጀርባውን ተመልከቱ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ ቡናማ የውሃ መስመር፣ የተላቀቀ ወረቀት ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ተዉት። «በበረኪና እናጸዳዋለን» ቢሏችሁም አትቀበሉ፤ ክሎሩ ላይ ላዩን ያነጣል፣ ውሃው ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

የችፑድና የኤምዲኤፍ ነገር ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚለቁት ጋዝ አይታይም። የእንጨቱን ፍርፋሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣብቀው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ሙጫ ነው። ሙጫው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈርስና ፎርማልዴሃይድ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ያስቀመጠው ገደብ በ30 ደቂቃ አማካይ በኪዩቢክ ሜትር 0.1 ሚሊግራም ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱና የቦርዱን ጠርዝ በብዙ ቦታ ለኩ። 18 ሚሊሜትር የተባለው ጠርዙ ላይ 20 ከሆነ ውሃ ጠጥቷል፤ ያበጠው ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ላሚኔት ቢያምርም ጋዙ ባልተሸፈነው ጠርዝና በብሎን ቀዳዳ ይወጣል።

ተመሳሳይ ነገር በወለል ሥራም አለ፦ ሊሾው (የኮንክሪት ወለሉ) ሳይደርቅ «ቶሎ እንጨርስላችኋለን» ብሎ የፕላስቲክ ወለል መለጠፍ። እርጥብ ኮንክሪት ጠንካራ አልካላይን ስለሆነ ኮላውንና ለፕላስቲኩ ልስላሴ የተጨመረውን ኬሚካል ይሰባብራል። ከዚያ የሚወጣው 2-ኤቲል ሄክሳኖል የሚባል የሚሸት ኬሚካል ወደ ኮንክሪቱ ጭምር ስለሚሰርግ ወለሉ ተነስቶ እንኳ ሽታው ሊቀጥል ይችላል። እንግዲህ ይህን ጉዳት ማን ይከፍላል?

ከመለጠፉ በፊት 46 በ46 ሴንቲሜትር ወፍራም ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና ቢያንስ 16 ሰዓት አቆዩት። ከሥሩ ጠል ከያዘ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ሥራው ይቁም። ምንም ባይታይም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ በላይኛው ፊቱ ብቻ የሚደርቅ ኮንክሪት እስከ ውፍረቱ 40 በመቶ ተቦርቡሮ በውስጡ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ይለካ። ገደቡን የወለሉ አምራች ይጽፋል፣ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 85 በመቶ ነው። የተለካው ቁጥር፣ ቀኑና የለኪው ፊርማ ውሉ ላይ ሳይሰፍር ቀብድ አትስጡ።