«ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ እንጠባት» ላሉኝ የሳሪስ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሳሪስ አቦ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው።

መኪናችን ዲኤክስ ኮሮላ ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ነድቷት ለእኔ የሰጠኝ። ሞተሯ ቱ ኢ የሚባለው፣ ባለ 1.3 ሊትር፣ ካርቡራተር ያለው ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ማታ ከስሯ ካርቶን አነጥፋለሁ፣ ጠዋት ካርቶኑ እንጀራ የሚያህል ጥቁር ክብ ይዞ ይነሳል። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሊትር እጨምራለሁ። ስትሞቅ ደግሞ የተቃጠለው ዘይት ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲደርሱ «ራሳችንን አመመን» ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ጋራዥ ነው። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ለክተው «ቁጥሩ ወርዷል፣ ሞተሩ አልቋል፣ ቀይሪው» አሉኝ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የዱባይ ሞተር እናምጣልሽ አሉ። ለሞተሩ ብቻ የጠሩልኝ ዋጋ የአምስት ወር ደመወዜ ነው። ሸጬ ሌላ ልግዛ እንዳልል፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከታገደ ወዲህ የአሮጌዎቹም ዋጋ አይቀመስም። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ናት «እስቲ ጋሼ ይዩልሽ» ያለችኝ።

ጋሼ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ አላት? ታንኳኳለች? ሁለቱም የለም። «ዘይት ማፍሰስና ዘይት መብላት፣ ማለትም ውስጥ ማቃጠል፣ ይለያያል» አሉኝ። «ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ እንጠባት።»

ሞተሩን በናፍጣና በብሩሽ አጠቡት። አደረቁትና የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት። «እስከ ቃሊቲ ደርሰሽ ተመለሺ» አሉኝ። ስመለስ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዘው ጎንበስ አሉ፣ እኔንም ጠሩኝ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ የሄደበት መንገድ በእስክሪብቶ እንደተሰመረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ከዲስትሪቢተሩ ስር፣ አንዱ ከቴስታው ክዳን ጠርዝ፣ አንዱ ከታይሚንግ ቺንጋው ሽፋን ጀርባ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተሩ ሁለመናው የሚያፈስ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አራቱንም ካንዴላ ፈትተው ኮምፕረሽን እንደገና ለኩ። እኔ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ ሞተሩን አዞራለሁ፣ እሳቸው ቁጥሩን ይጠሩልኛል። 128፣ 125፣ 127፣ 124። «መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። እዚህ ሲለካ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም። ዋናው አራቱ መቀራረባቸው ነው። የእኔዎቹ ተቀራራቢ ናቸው። ያኛው ጋራዥ አልቋል ያለው ሞተር ደህና ነበር ማለት ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ነው። ነቅለው ጆሮዬ ስር አራገፉት፣ ድምፅ የለውም። አዲሱን ሲያራግፉት ቀጭ ቀጭ ይላል። የእኔው በዝቃጭ ተደፍኗል። መተንፈሻው ሲደፈን ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን በደከመው ቦታ ሁሉ ይገፋዋል። «ይህን ትተሽ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ብቻ ብትቀይሪ ሌላ መውጫ ይፈልጋል» አሉኝ።

ስለ ዱባዩ ሞተርም ጠየቅኳቸው። እሱም ያረጀ ነው፣ ስንት እንደተነዳ የሚያውቅ የለም፣ ቆሞ በከረመበት ኦይል ሲሎቹ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) ደርቀዋል፤ ገዝተሽም ያው ኦይል ሲል መቀየርሽ አይቀርም አሉ። በዚያ ላይ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ አለ። የገባው ሞተር የቀረጥ ወረቀት ከሌለው የቦሎ ሰሞን መጉላላት ነው። «ብሎኩ ቢሰነጠቅ ወይ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ቢወርድ እኔው ራሴ ቀይሪ እልሽ ነበር» አሉኝ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የቴስታው ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የዲስትሪቢተሩ ቀለበት፣ የፊት ኦይል ሲሎቹ፣ ዘይት የጠጣው ቺንጋና መተንፈሻው ተቀየሩ። ጠቅላላ ሒሳቡ የሞተሩን ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። የወጡትን ዕቃዎች በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። አንዱን ኦይል ሲል በጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ጎማ እኮ ነው!

ይኸው አራት ወር ሆነ። የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ምልክት ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ካርቶኑ ላይ አልፎ አልፎ የሳንቲም ያህል ጠብታ አያለሁ። እሱ ከኋላው ኦይል ሲል ነው፣ ጋሼም አስቀድመው ነግረውኛል። ለእሱ ካምቢዮ ማውረድ ስለሚያስፈልግ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ አብሮ ይሠራል፣ አሁን ገንዘብሽን አታውጪ ብለውኛል። ሥራ ፈልገው ቢሆን ያኔውኑ ያወርዱት ነበር።

ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። አባቴም እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ ብሏል። ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳወጣው አልፈለጉም፤ ለምትፈልጉ በኢንቦክስ እሰጣለሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ አይሠሩም። ጠዋት በጊዜ ብትሄዱ ይሻላል፣ ከአራት ሰዓት በኋላ በሩ ላይ ማቆሚያ አይገኝም።