በቤጂንግ የሰይፍ ውጊያ ላስተማሩኝ መምህር የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በዚህ ወር መጨረሻ ትምህርቴን አጠናቅቄ ከቤጂንግ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ከመሄዴ በፊት፣ ላለፉት ሁለት ዓመት ተኩል የቻይናን ሰይፍ ላስተማሩኝ መምህር በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ፣ በዚያውም በከተማዋ ለምትኖሩና በመጪው መስከረም ለትምህርት ለምትመጡ ወገኖቼ እሳቸውን መጠቆም እፈልጋለሁ። ስማቸው በማኅበራዊ ገጽ እንዲወጣ ስለማይወዱ፣ እንደ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እኔም እዚህ «ሺፉ» (መምህር) እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ የብረታ ብረት ሠራተኛ ናቸው፤ ማሠልጠኛ ቤትም ሆነ ማስታወቂያ የላቸውም፤ ያላቸው ቅዳሜ ማለዳ በቲያንታን መናፈሻ አሮጌ ጥዶች ሥር የሚሰበሰቡ ስምንት ወይም ዘጠኝ ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ እኔም ከቻይና ሰይፍ ጋር የተዋወቅሁት በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቄ ነው። ቤጂንግ በደረስኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ ማሠልጠኛ «ተግባራዊ የሰይፍ ውጊያ» ብሎ የለጠፈውን ማስታወቂያ አይቼ የሦስት ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፈልኩ። የተማርኩት ግን ታኦሉ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በካራቴ ካታ የምንለው፣ ሰው ለብቻው የሚሠራው ቅንብር ነው። ታኦሉን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ1957 የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ያዘጋጀው ባለ 32 እንቅስቃሴ የታይጂ (በዝግታ የሚሠራ የቻይና ስፖርት) ሰይፍ ዛሬም በየመናፈሻው ይሠራል፤ ለጤናም ለሚዛንም የሚበጅ ነው። ቅሬታዬ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሰይፍ ይዞ ፊቴ የቆመ አንድም ሰው ሳላይ «የውጊያ ሥልጠና አጠናቀሃል» የሚል የምስክር ወረቀት መቀበሌ ነው።

ሺፉን ያገናኘኝ አብሮኝ የሚማር የዶርም ጎረቤቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰይፌን ተቀበሉኝና እጀታውን ይዘው ነቅነቅ ሲያደርጉት እንደ ስስ ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ። «ለመድረክ ጥሩ ነው» አሉና ከእጀታው ጫፍ የተንጠለጠለውን ቀይ ዘርፍ ፈትተው በኪሴ ከጨመሩልኝ በኋላ፣ ስለቱ የደነዘዘ የራሳቸውን የልምምድ ሰይፍ አስያዙኝ። ልዩነቱን ክንዴ ወዲያው ነገረኝ። ለውድድር የሚሠራው ሰይፍ ብልጭታና ድምፅ እንዲሰጥ ተብሎ ስስና ተጣጣፊ ሲሆን፣ ቀድሞ ለውጊያ ይሠራ የነበረው ግን በአብዛኛው ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ ይመዝን ነበርና ከሌላ ብረት ጋር ሲገናኝ አይጥመለመልም።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ቻይናውያን «ጂየን» የሚሉት፣ ቀጥ ብሎ በሁለቱም ወገን የተሳለው፣ መጽሐፍ ቅዱስ «ሁለት አፍ ያለው» የሚለው ዓይነት ሰይፍ ነው። አንድ ስለት ያለውና ብዙ ጊዜ ቆልመም የሚለው «ዳኦ» ደግሞ የእኛ ጎራዴ ነው። አማርኛ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት እንዳሉት ለሺፉ ስነግራቸው በጣም ደስ ብሏቸው ቃላቱን ደጋግሜ እንዳስጠናቸው ጠየቁኝ፤ እስከ ዛሬም «ጎራዴ» ማለት ሲያቅታቸው «ጎላዴ» ይላሉ።

ማስተማር የጀመሩኝ በቀይ ጠመኔ ነው። የእንጨት ሰይፋቸውን ስለትና ጫፍ በጠመኔ አሹት፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ እንድመጣ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። «እንደፈለግህ ምታኝ» አሉኝ። ከታኦሉ ያስታወስኩትን ሁሉ ሞከርኩ፤ ዞርኩ፣ ዘለልኩ፣ ከላይ ቀጠቀጥኩ። ሺፉ ከአንድ ክንድ በላይ የተንቀሳቀሱ አልመሰለኝም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቆመን ሸሚዜን ስናይ ደረቴ ንጹሕ ነበር፣ ሆዴም ንጹሕ ነበር፤ የቀኝ እጅጌዬ ጫፍ ግን ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰጡኝ ማብራሪያ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ግልጹ ነው። የጂየን የእጅ መከላከያ ትንሽ ስለሆነ ለተቃራኒው በጣም የሚቀርበውና የሚጋለጠው የያዘው እጅ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ደረትን ለመውጋት የሚሮጥ ሰው፣ መንገዱ ላይ አንጓውን አስረክቦ ያልፋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ወር ያህል የሠራነው ርቀትን ማወቅና አንጓን መንካት ነበር። «ዲየን» የሚባለውን ምት፣ ማለትም ክንድ ሳይወረወር በአንጓ ብቻ የሰይፉን ጫፍ ወደታች ነጠቅ ማድረግን፣ ዶሮ እህል ስትለቅም እያሰብኩ ነው የለመድኩት። ከጥዱ ቅርንጫፍ በክር የተንጠለጠለ የኦቾሎኒ ልጣጭ በሰይፍ ጫፍ መንካት ቀላል ይመስላል፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ሰው ትዕግሥቱን ይለካበታል።

የሚያስተምሩት 13 የሰይፍ ስልቶችን ነው። እነዚህ ስልቶች በስፋት የታወቁት «የሰይፍ ቅዱስ» የሚል ቅጽል በተሰጠው በጄኔራል ሊ ጂንግሊን አማካይነት ነው። ጄኔራሉ በውዳንግ ተራራ ስም የሚጠራውን የሰይፍ ስልት ያስተማረና እ.ኤ.አ. በ1928 በናንጂንግ የተቋቋመው ማዕከላዊ የጉዎሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ተቋም ሲመሠረት ምክትል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ሺፉን የማከብርበት አንዱ ምክንያት ይህን ታሪክ እያወሩ የራሳቸውን የዘር ሐረግ የማያስረዝሙ መሆናቸው ነው። ቤጂንግ ውስጥ ከጥንት መነኩሴ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ትውልድ ቆጥሮ የሚያስረክብ አስተማሪ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን አንድ ስልት ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ «ሠርቶልሃል ወይስ አልሠራልህም?» ብለው ለፍልሚያ ወደሚለበሰው የፊት ማስክ ይጠቁማሉ።

ማስኩን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ በናይሎን ሰይፍ፣ ከዓመት በኋላም በደነዘዘ ብረት ፊት ለፊት እንገጥማለን፤ ያለ ፌንሲንግ ማስክ፣ ያለ ወፍራም ጓንትና ያለ አንገት መከላከያ ማንም ወደ መሐል አይገባም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተመታቱ ነጥብ የለም፤ ሺፉ ሁለቱንም «ሞታችኋል» ብለው ከግድግዳው ሥር ያስቀምጧቸዋል። መጀመሪያ ላይ ይህ ሕግ ያበሳጨኝ ነበር፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን በጨዋታና በውጊያ መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ግድግዳ ሥር እንደገባኝ አምናለሁ። መምታት ግማሽ ሥራ ነው፤ ከመቱ በኋላ የተቃራኒውን ብረት በራስ ብረት ተጭኖ ራስን ሳያስመቱ መውጣት ሌላው ግማሽ ነው።

በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጎዳሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። በሐምሌ ሙቀት የቀኝ ጓንቴን በድብቅ አውልቄ ስገጥም አውራ ጣቴ ተመታና አበጠ። ሺፉ ትምህርቱን አቁመው ከደጅ ሱቅ የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ ገዝተው እጄ ላይ ከያዙልኝ በኋላ፣ እኔ ግን ቁጣ ስጠብቅ፣ በዝግታ ጓንቱን አጣጥፈው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት፤ ለሁለት ሳምንትም እንዳልመጣ ነገሩኝ። የእነዚያን ሁለት ሳምንታት ክፍያ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም።

ለሚፈልጉ ወገኖች የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። ሺፉ እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ የቤጂንግ ዘዬአቸውም የከበደ ስለሆነ የአንድ ዓመት ቋንቋ ያልጨረሰ ሰው መጀመሪያ ላይ ይቸገራል፤ ሆኖም ከቃል ይልቅ በእጅ ስለሚያሳዩ እንቅፋት አይሆንም። ከ16 ዓመት በታች አይቀበሉም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጡም። ለአንድ ቀን 80 ዩዋን ያስከፍላሉ፤ ለተማሪ እንደሚቀንሱ ከራሴ አውቃለሁ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሌሎቹ እስኪጨርሱ ዳር ቆሞ ያያል፤ ይህን በቁም ነገር ያዙት። ሜትሮ መግቢያ ላይ ቦርሳ ሁሉ ስለሚፈተሽ የራሳችሁን ሰይፍ ይዛችሁ አትምጡ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የእንጨቱንም ማስኩንም እሳቸው ያውሳሉ። መናፈሻው በመስመር 5 ከቲያንታን ዶንግመን ጣቢያ መውጫ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።

ሺፉ፣ ይህን ጽሑፍ የዶርም ጎረቤቴ ተርጉሞ እንደሚያነብልዎ ቃል ገብቶልኛል። ስላስተማሩኝ፣ ስለታገሡኝና የጣቴንም ነገር ለእናቴ በቪዲዮ ስልክ ራስዎ ስላስረዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ በዊቻት አገናኛችኋለሁ። ለመጀመሪያው ቀን ነጭ ሸሚዝ ልበሱ፤ ጠመኔው በሁለት እጥበትም እንደማይለቅ ግን ዕወቁ።