5 ፐርሰንት ተብዬ የፈረምኩት ሞርጌጅ

ቅዳሜ ለት የአክስቴ ልጅ ደውሎ «የቤት ብድር (ሞርጌጅ) በ4 ተኩል ፐርሰንት አገኘሁ!» አለኝ። «ለስንት ዓመት?» ስለው ዝም አለ። ይህን የምጽፈው ለሱም፣ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አዲስ ከሚሠሩ ሰፈሮች ቤት ልትገዙ ለተነሳችሁም ነው።

እኔ የፈረምኩት ኖቬምበር 2022 ነው። የ30 ዓመት ሞርጌጅ ሬት (የወለድ መጠን) ያኔ 7 ፐርሰንት ገብቶ ነበር። በጃንዋሪ 2021 2.65 ድረስ ወርዶ ስላየነው፣ ተመልሶ ይወርዳል ብለን ሁላችንም ተስፋ አድርገናል። ቤቱን የሠራው ድርጅት የላከኝ ሎን ኦፊሰር (ብድሩን የሚያስጨርሰው ሰው) ያገር ልጅ ነው። ቡና እየጠጣን «ወንድሜ፣ ለአንተ 5 አስደርጌልሃለሁ» አለኝ። ነገርዬው «ቱ ዋን ባይዳውን» ይባላል፤ ቤቱን የሠራው ድርጅት ለሁለት ዓመት የወለዱን ልዩነት ይሸፍናል፦ የመጀመሪያው ዓመት 5፣ ሁለተኛው 6፣ ከሦስተኛው እስከ ሠላሳኛው ግን 7። ስለ 7ቱ ስጠይቀው «እስከዚያ ሬት ይወርዳል፣ ሪፋይናንስ እናደርጋለን፣ በአዲስ ብድር እንተካዋለን» አለ። እናደርጋለን ያለው እሱ፣ የሚከፍለው እኔ። ውሉ ላይ ደግሞ እንደዚያ የሚል መስመር የለም።

የተበደርኩት 400 ሺህ ዶላር ነው። ታክስና ኢንሹራንስ ሳይገባ የመጀመሪያው ዓመት በወር 2,147 ዶላር፣ ሁለተኛው 2,398፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 2,661። የዚያ ወር ወረቀት አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፦ 2,284 ለወለድ፣ 377 ለዋናው ብድር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍዬ!

ያኔ ገበያውን ባይ ያው 7 ነበር። ሴፕቴምበር 2024 ላይ ፌደራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ወለድ ሲቀንስ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ የሞርጌጅ ሬት ግን በቀጣዮቹ ወራት ሽቅብ ወጣ። ለካ እሱ ይበልጥ የሚከተለው የ10 ዓመቱን የመንግሥት ቦንድ ነው። ሪፋይናንስ ቢደረግም ክሎዚንጉ (የውል መዝጊያ ወጪው) እንደገና በሺዎች ያስወጣል፣ የ30 ዓመቱም ቆጠራ ካልተጠነቀቁ ከአንድ ይጀምራል።

ሕገ ወጥ ነገር አልተሠራብኝም፣ እሱን ልናገር። የሚያናድደኝ ስጦታ ብዬ የተቀበልኩት ነው። ቤቱን የሠራው ድርጅት በሁለቱ ዓመት የሸፈነልኝ ልዩነት ተደምሮ 9,300 ዶላር ገደማ ነው። እኔ በምላሹ በዋጋው አልተከራከርኩም፣ ሌላ አበዳሪም አልጠየቅኩም። በ7 ፐርሰንት 400 ሺህ ብር... ይቅርታ፣ ዶላር፣ በ30 ዓመት ውስጥ 558 ሺህ ወለድ ይወልዳል፤ ከተበደርኩት ይበልጣል። ሌላ ቦታ ጠይቄ 6 ተኩል ባገኝ ኖሮ ወለዱ በ48 ሺህ ይቀንስ ነበር። ግማሽ ፐርሰንት ማለት ይኸው ነው። እኔ ግን ለ9 ሺህ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ስለዚህ «ወርሃዊው ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ስንት እንደሚሆን ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ። ማመልከቻ ካስገባችሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ አበዳሪው «ሎን ኤስቲሜት» የሚባለውን ሦስት ገጽ መስጠት ግዴታው ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በ5 ዓመት ውስጥ በጠቅላላ ስንት እንደምትከፍሉና ከዚያ ውስጥ ከዋናው ብድር ስንቱ እንደሚነሳ ተጽፏል። ከሁለት ሦስት አበዳሪ ተቀብላችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ክሬዲቴ (የብድር ታሪክ ነጥቤ) ይጎዳል ብላችሁ አትፍሩ፤ በ45 ቀን ውስጥ የሞርጌጅ አበዳሪዎች የሚያዩት እንደ አንድ ጊዜ ነው የሚቆጠረው። ባይዳውን ሲያቀርቡላችሁም «ይህን ብር ከቤቱ ዋጋ ቀንሱልኝ፣ ወይ ሬቱን እስከ መጨረሻው አውርዱበት» በሏቸው። የሚሰጧችሁን መልስ በደንብ ስሙት።

የአክስቴን ልጅ ሦስተኛውን ገጽ ይዘህ ና፣ ሳላየው እንዳትፈርም ብዬዋለሁ። እስካሁን አልመጣም።