ለጉበት ንቅለ ተከላ አስተባባሪ ነርሶች ምስጋና፣ ለማዋለጃ ክፍሎች ጥቆማ

ምስጋናችን እርጉዝ ወይም አራስ እናት ጉበቷ ሲከዳት ለሚደወልላቸው የንቅለ ተከላ አስተባባሪ ነርሶችና አብረዋቸው ለሚሠሩት የጉበት፣ የማህፀንና ጽንስ እንዲሁም የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ነው። የምንጠቁማቸው ጉበት ስለሚቀይሩ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የሚያስመሰግናቸው ሥራ ንቅለ ተከላ ሳያስፈልግ የሚያልቀው ነው።

ስልኩን ሲያነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ሳምንቷ ነው? ወልዳለች?» ብለው ነው። በእርግዝና መጨረሻ ጉበት በድንገት በስብ የሚሞላበት ሕመምና ሄልፕ (ቀይ የደም ሴል የሚፈርስበት፣ የጉበት ኢንዛይም የሚጨምርበትና ፕላትሌት የሚቀንስበት የእርግዝና ሕመም) መነሻቸው እርግዝናው ራሱ ስለሆነ፣ ሕክምናቸው እናቲቱን አረጋግቶ ቶሎ ማዋለድ ነው። ብዙዎቹ ከወሊድ በኋላ በቀናት ውስጥ ማገገም ይጀምራሉ። በቫይረስ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኢ ግን በማዋለድ አይድንም። ትኩሳት ኖሯት፣ የጉበት ኢንዛይሟ ሺዎች ገብቶ፣ ዓይኗ ብዙም ቢጫ ካልሆነ ደግሞ ኸርፐስ ይጠረጠራል። ያኔ የላቦራቶሪ መልስ ሳይጠበቅ አሲክሎቪር በደም ሥር በኪሎ 10 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ይጀመራል።

ቀጥሎ ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ኢንዛይም ብቻ ነግሯቸው የሚያመልጥ የለም። በስብ በተሞላ ጉበት ኢንዛይሙ ጥቂት መቶ ብቻ ሆኖ ጉበቱ ሥራውን ያቆመ ሊሆን ይችላል። አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ)፣ ፋይብሪኖጅን (ደም የሚያረጋ ፕሮቲን)፣ ፕላትሌት፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)፣ ላክቴት (ጉበት ሲደክም በደም የሚጠራቀም አሲድ)፣ አሞኒያና የደም ስኳር አዘጋጁ። መደበኛ የሚለው የላቦራቶሪ ወረቀት ለእርጉዝ የተሠራ ስላልሆነ ያታልላል፤ ፋይብሪኖጅን 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ለሌላው ሰው ደህና ቢሆንም በዘጠነኛው ወር ዝቅተኛ ነው። ክሬአቲኒን 1.0ም እንዲሁ ለእርጉዝ ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው አልካላይን ፎስፋቴዝ ከእንግዴ ልጅም ስለሚመጣ ብቻውን መጨመሩ አያስደነግጥም።

ካልደማችና ለቀዶ ሕክምና ካልተዘጋጀች ፕላዝማ ቸኩላችሁ አትስጡ። አይኤንአሩን ስለሚያሳምረው ጉበቱ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት መለየት ያቅታል። መስጠት ግድ ከሆነ ደሙን አስቀድማችሁ ቅዱ፣ የሰጣችሁበትንም ሰዓት ንገሯቸው።

ስትቀባዥር ወዲያውኑ ስኳሯን ለኩ፤ ከዚያም በየሰዓቱ። ጉበቱ ስኳር ማምረት ስላቃተው አንዴ ግሉኮስ ገፍቶ መተው አይበቃም፣ 10 በመቶ ግሉኮስ ያለማቋረጥ መንጠብጠብ አለበት። ለሄልፕ ማግኒዚየም ሰልፌት 4 ግራም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተሰጥቶ በሰዓት 1 ግራም ይቀጥላል። ኩላሊቷ ከደከመ ግን መድኃኒቱ ይጠራቀማል። የጉልበት ሪፍሌክስ ከጠፋ ወይም ትንፋሹ ከቀነሰ አቁሙት፣ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ስጡ።

ለንቅለ ተከላ የሚታሰበው ከወለደች በኋላም መቀባዠሩ እየጠለቀ ከሄደ፣ ላክቴቱ አልወርድ፣ አይኤንአሩ አልሻሻል ካለ ነው። የተቀደደ ጉበት ጨርቅ ታሽጎበትና የደም ሥሩ ተዘግቶም ደሙ ካልቆመ እንዲሁ። ግን እስከዚያ ሳትደውሉ አትቆዩ። «ከወለደች በኋላ ደውሉ» የሚል ማዕከል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ምርመራና ዝግጅት ሰዓታት ይፈጃሉ፣ ራሷን ከሳተች በኋላ ማጓጓዝም አደገኛ ነው። ጥሩው ማዕከል በአንድ ጥሪ የጉበቱንና የማህፀኑን ሐኪም ያገናኛችኋል።

ሕፃኑንም አይረሱትም። በስብ በተሞላ ጉበት ከታመመች እናት የተወለደ ልጅ ስብን የማቃጠል ችግር ወርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይጠባ ብዙ ሰዓት እንዳይቆይ፣ ስኳሩ እንዲለካና ለዚሁ እንዲመረመር ያሳስባሉ።

ጉበት ተተክሎላቸው ማርገዝ ለሚፈልጉ ሴቶችም እነሱው ናቸው የሚከታተሉት። ቢያንስ 1 ዓመት መቆየት፣ ጽንስ ስለሚጎዳ ማይኮፌኖሌት የተባለውን፣ አካል የተተከለውን ጉበት እንዳይገፋ የሚሰጥ መድኃኒት ከማርገዟ 6 ሳምንት ቀድሞ በሌላ መቀየር ያስፈልጋል። ለዚሁ የሚሰጠው ታክሮሊመስ ግን በእርግዝናም ይቀጥላል፣ መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ። ለልጁ ፈርታ በራሷ የምታቆም እናት አካሏ ጉበቱን ሊገፋባት ይችላል፤ ስለዚህ የክትትል ክፍል አዋላጆች በየቀጠሮው «መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ካቆመች በዚያው ቀን ደውሉላቸው።