የኅዳር በሽታ ሟቾችን ለሚያፈላልጉ፦ በከዚራ ያገኘሁት የሰነድ ንባብ አገልግሎት

በኅዳር 1911 ዓ.ም. የበረታውና በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንደ ፈጀ የሚገመተው የኅዳር በሽታ (የስፓኒሽ ጉንፋን ወረርሽኝ) በድሬዳዋ ከዘመዶቹ ማንን እንደ ወሰደበት ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ፍለጋው ቀላል አይሆንለትም። ባቡር በቆረቆራት በዚህች ከተማ ኢትዮጵያዊው ከፈረንሳዩ፣ ከግሪኩ፣ ከአርመኑና ከዐረቡ ጋር ይኖር ስለነበር፣ የሟቾቹም ስም በየቋንቋውና በየዘመን አቆጣጠሩ ተበታትኖ ቀርቷል። በከተማዋ የከዚራ ሰፈር ያለው ይህ አነስተኛ የሰነድ ንባብና ትርጉም ቤት እንዲህ የተበታተነውን ለማገናኘት የሚታመን ነው።

እኔ የፈለግሁት በአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ የነበረውን የቅድመ አያቴን ወንድም ነው። በቤተሰባችን ዳዊት ኅዳግ ላይ በክርስትና ስሙ «በዕለተ ሚካኤል ዐረፈ» ተብሎ ተጽፏል፤ ወሩም ዓመቱም የለም። ከአሠሪው ጋር በአንድ ቀን መሞታቸውን ግን አያቶቻችን ነግረውናል። የቤቱ ባለሙያ የነጋዴውን መቃብር ማለዳ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ፎቶ አነሡት፤ በቀትር የማይታየው ፊደል ጥላ ይዞ ወጣ፤ ኖቬምበር 8 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ይላል። ይህ እንዳለ ወደ እኛ አቆጣጠር ቢሰላ ጥቅምት 29 ስለሚሆን ከዳዊቱ ጋር አይገጥምም። እርሳቸው ግን ግሪኮች በዚያን ጊዜ ገና በጁልያን አቆጣጠር ይጠቀሙ እንደነበር አስረድተው 13 ቀን ሲጨምሩበት ቀኑ ኅዳር 12፣ ማለትም የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሆነ። ይህን የሚያውቅ ሰው ባላገኝ ኖሮ ሁለቱን ሰነዶች እንደማይዛመዱ ቆጥሬ እተዋቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ጥንቃቄያቸውን ነው። በሰጡኝ ጽሑፍ ላይ የተነበበው በአንድ ወገን፣ የተገመተው በሌላ ወገን ተለይቶ ተቀምጧል። «የኅዳር በሽታ» የሚለው በግምቱ ወገን ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩም ዳዊቱም የሞቱን መንስኤ አይናገሩም። ቤተሰቤ እርግጠኛ ቃል ይሰጠን ብሎ ቢጠብቅም፣ በዚያ ወር የሞተ ሁሉ በዚያ በሽታ ሞተ ማለት ስላልሆነ ባለሙያው ትክክል ናቸው እላለሁ።

ቅሬታ አለኝ። ዋጋው በገጽ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ሳለ የፎቶው ክፍያ ለብቻው መሆኑን የሰማሁት ሥራውን ልረከብ ስሄድ ነው፤ ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት። ቤቱ በቀትሩ ሙቀት ተዘግቶ ወደ አመሻሹ ይከፈታል። ዐረብኛ የሚያነቡት ሰው የሚመጡት በቀጠሮ ስለሆነ፣ በ1337 ዓመተ ሂጅራ «ሰፈር» በተባለው የእስልምና ወር (ከኅዳር 1911 ዓ.ም. ጋር በሚቀራረበው) አካባቢ የተጻፈ የሐረር ወይም የመጋላ (የድሬዳዋ ሰፈር) ሰነድ ያለው ሰው አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ። የሟቹን የክርስትና ስምም ሳይዙ አይሂዱ፤ በዓለም ስሙ ብቻ የኅዳግ ጽሑፍ ላይ ማግኘት ያዳግታል።