ራይድን በ8294 መጥራት

ስለ አዲስ አበባው የጥሪ ታክሲ አገልግሎት ስለ ራይድ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው መተግበሪያው ነው። በእኛ ግምት ግን የአገልግሎቱ ትልቁ ነገር የጥሪ ስልክ ቁጥሩ 8294 ነው፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናት ያለ ዳታ፣ በአማርኛ ተነጋግረው መኪና ደጃቸው ድረስ ያስመጣሉ። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ አሰላ ያደገች፣ ኮምፒውተር የነካችው በ17 ዓመቷ ነው። አምሽታ ከሥራ ስትወጣ የነበረባት ስጋትና ከታክሲ ጋር የዋጋ ክርክር ነው ለዚህ ያበቃት። የድርጅቷ የሃይብሪድ ዲዛይንስ ሠራተኞችም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ሲደውሉ ዋናው ነገር ምልክት ነው። «ቦሌ መድኃኔዓለም ነኝ» አይበቃም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያውን መንገድ ስለሆነ ሹፌሩ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ አያውቅም። «ኤድና ሞል መግቢያ በር ላይ» ይበሉ። መኪናው የሚጠራው ለሌላ ሰው ከሆነ የተሳፋሪውን ስልክ ቁጥር መጀመሪያ ይስጡ፤ አለዚያ ሹፌሩ ለእርስዎ እየደወለ እናትዎ ደጅ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ዝናብ ሲጥልና ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ቀደም ብሎ መደወል ነው።

መኪናው ሲደርስ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ታርጋውን ከተነገረዎት ጋር ያስተያዩ። ሂሳቡ ከተሳፈሩ በኋላ መጀመሩንም የሹፌሩን ስልክ አይተው ያረጋግጡ።

በከተማው የጥሪ ታክሲዎች ሁሉ የሚያጣላው ኪሎ ሜትሩ ነው። ረጃጅም ሕንፃ መሃል ጂፒኤሱ ይዘላል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ስልኩ የሄደ ያስመስለዋል። ስለዚህ ስማርት ስልክ ያለው ሰው ሳይነሳ የዋጋ ግምቱን በመተግበሪያው ቢያይ ይሻላል፤ ልዩነቱ ሲበዛ ማስረጃ ይሆነዋል። መንገድ መዘጋጋቱ ሂሳቡን እንደሚጨምር ግን አይዘንጋ፤ ግምቱ ቃል ኪዳን አይደለም።

ሌላው ችግር «ትዕዛዙን ሰርዘው፣ በስምምነት እንሂድ» የሚል ሹፌር ነው። ለኩባንያው የሚከፍለው ኮሚሽን ይቀርለታል፤ ለእርስዎም ጥቂት ብር ሊቀንስልዎ ይችላል። ነገር ግን ጉዞው መዝገብ ላይ የለም። ቦርሳ መኪና ውስጥ ቢረሳ ለማን ይደወላል? መንገድ ዳር «ራይድ ነኝ» እያለ የሚጠራ ያልታዘዘ መኪናም ያው ነው። በተለይ ማታ ብቻዋን የምትሄድ ሴት አትግባበት፤ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን።